ቅርጹን ወስደን ሥርዓቱን እንዳንተው

(አገር በቀል ዕውቀትንና ዘመናዊ ቴክኖሎጂን በአካባቢ ዲዛይን ስለማጣመር የተደረገ ንግግር)

እንደምን አላችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ በትርጓሜ አልቆይም። በቀጥታ ወደ አንድ ቦታ ልውሰዳችሁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ቦታው ባሊ ነው፣ የኢንዶኔዥያ ደሴት። ተራራዎቿ ከላይ እስከ ታች የሩዝ እርከን ናቸው። ውኃው ከተራራው ሐይቅና ከምንጮች ይነሳል። በቦይና በዋሻ እያለፈ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ይወርዳል። ከአንድ ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች «ሱባክ» የሚባል ማኅበር አላቸው። ማኅበሮቹ በውኃ ቤተ መቅደሶች ይገናኛሉ። መቼ እንደሚዘራ፣ መቼ ማሳው እንደሚያርፍ፣ ውኃው ወደ ማን እንደሚዞር እዚያ ይመከራል። አሠራሩ ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ አለው።

በ1970ዎቹ «አረንጓዴው አብዮት» ባሊ ደረሰ። አዲስ የሩዝ ዘር፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ይዞ መጣ። ገበሬው የቤተ መቅደሱን ቀን መቁጠሪያ ትቶ በቻለው መጠን ደጋግሞ እንዲዘራ ተነገረው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሰው ጠግቦ እንዲያድር ነው። መጀመሪያ ላይ ምርቱም ጨመረ። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። አንዱ ሲያጭድ ጎረቤቱ ገና ይዘራል። ተባዩ ከማሳ ወደ ማሳ እየተዘዋወረ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው አገኘ። መድኃኒት ሲረጭበት ለመደው። ውኃውም ተራ ስላጣ ታች ያሉት ሳይደርሳቸው ይቀር ጀመር።

ስቲቭ ላንሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ይህን ሲያጠና ነበር። ጄምስ ክሬመር ከተባለ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ጋር ሆኖ የሁለት ወንዞችን ተፋሰስ ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። 172 ሱባኮች ነበሩበት። ዝናቡ፣ የውኃው ፍሰት፣ የሩዙ ዕድገት፣ የተባዩ አወራረር ሁሉ ተካተተ። ከዚያ ሞዴሉን ጠየቁት። እያንዳንዱ ሱባክ በፈለገው ጊዜ ቢዘራስ? ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢዘሩስ? ቤተ መቅደሶቹ እንደሚያደርጉት ጎረቤታሞች በቡድን በቡድን ቢዘሩስ? የተሻለውን ምርት የሰጠው ለቤተ መቅደሶቹ አሠራር የቀረበው ነበር።

ምክንያቱን ተመልከቱት፤ በጣም ያምራል። ሁሉም ለየብቻው ከዘራ ተባይ ይነግሣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከዘራ ደግሞ ውኃ አይበቃም። ቤተ መቅደሶቹ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ አግኝተውታል። ሌላም አለ። ላይ ያለው ገበሬ ውኃ አይቸግረውም። ታች ላለው ምን አስጨነቀው? የሚያስጨንቀው ተባዩ ነው። ታች ያለው ውኃ ካልደረሰው ከላይኛው ጋር እኩል መዝራትና ማሳረፍ አይችልም። ጊዜው ከተዘበራረቀ ተባዩ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ላይኛው ውኃ ይለቃል፣ ታችኛው ማሳውን እኩል ያሳርፋል። ማንም ማንንም አልለመነም። ሁለቱም የሚያተርፉበት ስምምነት ነው።

ኮምፒውተሩ ለገበሬዎቹ የጨመረላቸው አዲስ ነገር የለም። የጠቀመው መሐንዲሱንና ባለሥልጣኑን ነው። የማያምኑትን ነገር በሚያምኑበት ቋንቋ ነገራቸው። እኔ ለቴክኖሎጂ ትልቅ ቦታ ከምሰጥባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። አገር በቀል ዕውቀት ሲባል ዓይናችን የሚሄደው ወደሚታየው ነው፦ ወደ እርከኑ፣ ወደ ጭቃ ግድግዳው፣ ወደ ማማው። ፎቶ እናነሳለን፣ ቅርጹን ወደ ንድፋችን እናመጣለን። ዕውቀቱ ግን በአብዛኛው የተቀመጠው በማይታየው ውስጥ ነው። ማን ይጠግናል? ማን ተራ ያወጣል? ሲጣሉ ማን ያስታርቃል? ምን ያህል መውሰድ ይፈቀዳል? ባሊ ላይ እርከኑን ማንም አልነካውም። የተነካው ስምምነቱ ነበር። እርከኑ እንዳለ ቆሞ ሰብሉ ተበላ።

አሁን ወደ ሕንፃ እንምጣ። በኢራን፣ በበረሃማዋ ያዝድ፣ ከጣሪያ በላይ የቆሙ የንፋስ ማማዎች አሉ። «ባድጊር» ይሏቸዋል። በዶውላታባድ የአትክልት ስፍራ ያለው 33 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ንፋስ ሲኖር በአንዱ ጎን ይዞ ወደ ቤቱ ያወርደዋል፣ በሌላው ጎን የሞቀውን አየር ያስወጣል። ንፋስ በሌለበት ሰዓት ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚሸሽ እንደ ጭስ ማውጫ ይስባል። አየሩ ብዙ ጊዜ በውኃ ገንዳ ላይ ያልፋል፤ ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይወስዳል። ማማው ብቻውን ግን ቤት አያቀዘቅዝም። ወፍራም ግድግዳ አለ፣ ጥላ ያለው ግቢ አለ። ነዋሪዎቹም በሙቀት ወራት ወደ አንዱ የቤቱ ክፍል፣ በብርድ ወራት ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ቤቱ የሚሠራው ከነአኗኗሩ ነው።

ዛሬ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ይህን ማማ የለበሱ ዘመናዊ ሕንፃዎች አሉ። ማማው ለጌጥ ነው፤ አየር አያልፍበትም። ቅዝቃዜው የሚመጣው ከኤር ኮንዲሽነር ነው። ይህ እንደ ባለሙያ ያሳዝነኛል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በ2018 እንዳስታወቀው፣ ለአየር ማቀዝቀዣና ለማራገቢያ የሚውለው ኤሌክትሪክ ከዓለም ፍጆታ 10 በመቶ ያህል ነው። ይህን ያህል ኃይል እየበላን የቀደምቶቹን መፍትሔ ለማስጌጫ ማዋል ከባድ ብክነት ነው።

በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ በዛየን ብሔራዊ ፓርክ በ2000 የተከፈተው የጎብኚዎች ማዕከል ሌላ መንገድ ሄዷል። ማማዎቹ ጫፍ ላይ በውኃ የሚርስ ወፍራም ንጣፍ አለ። ደረቁ የበረሃ አየር በእሱ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ በራሱ ወደ ታች ይወርዳል። የላይኛዎቹን መስኮቶች በሰዓታቸው የሚከፍትና የሚዘጋ ኮምፒውተር አለ። ሕንፃው ያዝድን አይመስልም። ያዝድ የምታውቀውን የአየር ጠባይ ግን ተጠቅሞበታል። እኔ ማጣመር የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

በዚምባብዌ ዋና ከተማ የሐራሬው ኢስትጌት ማዕከልም በዚህ ይነሳል። ሚክ ፒርስ የነደፈው፣ በ1996 ያለቀ ሕንፃ ነው። መነሻው የምስጥ ኩይሳ ነበር። ኩይሳው ሙቅ አየር በላይ እያስወጣ ራሱን ያቀዘቅዛል ተብሎ ይታመን ነበር። በኋላ ኩይሳዎቹን በመሣሪያ የመረመሩ ተመራማሪዎች ኩይሳ በዚያ መንገድ እንደማይሠራ አገኙ። ሕንፃው ግን ይሠራል፤ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ከባዱን ኮንክሪት ያቀዘቅዛል፣ ኮንክሪቱ በቀን ሙቀቱን ይቀበላል። ይህን የማነሳው የሚማርክ ታሪክ ሁሉ መለካት እንዳለበት ለማስታወስ ነው። ስለ አገር በቀል ዕውቀት የምንናገረውም ከዚህ ነፃ አይደለም።

ቀጥሎ የማነሳው ከሁሉም በላይ ልቤን የነካኝ ነው። ጥቅምት 8 ቀን 2005 ካሽሚር ውስጥ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ከ70,000 በላይ ሰው ሞተ። በጥራት ያልተሠሩ የኮንክሪትና የብሎኬት ሕንፃዎች ተደረመሱ። ከባድ የድንጋይ ቤቶችም ወደቁ። «ዳጂ ደዋሪ» በሚባለው የድሮ ዘዴ የተሠሩ ቤቶች ግን በብዛት ቆመው ተገኙ። ዘዴው ቀላል ይመስላል። የእንጨት ማዕቀፍ ይቆማል። በማዕቀፉ ውስጥ እንጨቶች እየተሰያየፉ ትንንሽ ክፍሎች ይሠራሉ። ክፍሎቹ በትንንሽ ድንጋይና በጭቃ ይሞላሉ። መሬት ሲናወጥ ግድግዳው በብዙ ቦታ በጥቂት በጥቂቱ ይሰነጠቃል። ድንጋዩና ጭቃው እየተፋተጉ የንውጥውጡን ጉልበት ይበላሉ። እንጨቱ ሁሉንም ይዞ ይቆያል።

መልሶ ግንባታው ሲጀመር ዕርዳታ የሚሰጠው ለኮንክሪትና ለብሎኬት ቤት ነበር። ዳጂ በደንቡ ውስጥ አልነበረም። ሰው ግን አልጠበቀም። መንገድ ወደማይገባበት ተራራ ሲሚንቶና ብረት ማውጣት ከባድ ነው። ከፍርስራሹ እንጨትና ድንጋይ እየለቀሙ፣ አሠራሩን የሚያውቁ አናጢዎችን እየጠየቁ በዳጂ ይሠሩ ጀመር። በ2006 የፓኪስታን መንግሥት ዘዴውን ተቀበለው። ከ100,000 በላይ ቤት በዚህ መንገድ ተሠራ። በኋላም የፔሻዋር የምህንድስናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግድግዳውን በላብራቶሪ እየገፋና እየሳበ ፈተነው። አሩፕ የተባለው የምህንድስና ድርጅት ደግሞ ቤቱን በኮምፒውተር አናወጠው። ሁለቱም በአግባቡ የተሠራ ዳጂ ጥሩ እንደሚቋቋም አሳዩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። መሐንዲሶቹ የጨመሩት ነገር አለ። መገጣጠሚያዎቹ በምስማርና በብረት ማሰሪያ ጠበቁ። ማዕቀፉ ከመሠረቱ ጋር ታሰረ። ጣሪያው ቀለል አለ። እነዚህ ትንሽ ለውጦች ሕይወት የሚያድኑ ናቸው። ቤቱ ግን የባለቤቶቹ ቤት ሆኖ ቀረ። አናጢው ይጠግነዋል፣ ልጁ ይማረዋል፣ ዕቃው እዚያው ይገኛል። የማልመው ማጣመር ይህን ይመስላል፦ አዲሱ የነባሩን ደካማ ጎን ፈልጎ ያጠነክራል፣ ጠንካራ ጎኑን አይነካም።

ደካማ ጎን አለ ስል በጨዋነት አይደለም። በ2003 በኢራን የባም ከተማ ተናወጠች። ከ20,000 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ የሞቱት በጭቃ ጡብ ቤት ውስጥ ነው። ያ የጭቃ ጡብ ለሙቀት ድንቅ ነው። ለመሬት መንቀጥቀጥ ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ነባር ነውና ደኅና ነው» ማለት አይቻልም። የሰው ነፍስ አለበት።

በሌላ በኩል፣ ነባሩን ዕውቀት የሚያከብር ሰውም ሊሳሳት ይችላል። ግብጻዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ በ1940ዎቹ በሉክሶር አጠገብ ለጉርና ሰዎች አዲስ ጉርና የሚባል መንደር ገነባ። ለጭቃ ጡብ የነበረው ፍቅር ልዩ ነው። ያለ እንጨት ድጋፍ ጣሪያ የሚደፍኑ የኑቢያ ግንበኞችን ከአስዋን በኩል አመጣ። ሥራው እስከ ዛሬ ይደነቃል። የጉርና ሰዎች ግን በአብዛኛው ሊገቡበት አልፈለጉም። መተዳደሪያቸው የነበረው በጥንቶቹ መቃብሮች አካባቢ ነበር፤ ከዚያ እንዲነሱ የወሰነው መንግሥት ነው። ጣሪያውም የሌላ ሕዝብ ጣሪያ ነበር። በእነሱ ዓይን ጉልላት የመቃብር ምልክት ነበር። ከአንድ አገር የተገኘ ቢሆንም የአንዱ መንደር ዕውቀት ለሌላው መንደር እንግዳ ሊሆን ይችላል።

የአርክቴክቱ የፍራንሲስ ኬሬ የጋንዶ ትምህርት ቤት ዕጣው ሌላ ነበር። በ2001 ቡርኪና ፋሶ ውስጥ፣ በተወለደበት መንደር ሠራው። የመንደሩ ሰው ጡቡን አብሮ ሠራ። ጭቃው ትንሽ ሲሚንቶ ተጨመረበት፤ ቆርቆሮው ከጡብ ጣሪያው ከፍ ብሎ በብረት ላይ ተሰቀለ። ሙቀቱ በመሃል ያልፋል፣ ዝናቡም ግድግዳውን አይመታም። ኬሬ በ2022 ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ሲያገኝ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

ስለ ውኃ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ጥልቅ ነው። ቃናት የሚባለው የኢራን ዋሻ የከርሰ ምድር ውኃን በተዳፋት ብቻ ወደ ሜዳ ያወጣል። በጎናባድ ያለው 33 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ቃናት ሞተር የለውም። መሬቱ የሰጠውን ያወርዳል፤ ከዚያ በላይ ሊወስድ አይችልም። የውኃ ድርሻውን የሚለኩት ከሥሩ ቀዳዳ ባለው የመዳብ ሳህን ነበር። ሳህኑ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ሞልቶ ሲሰምጥ አንድ ድርሻ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጥልቅ ጉድጓድና ፓምፕ መጣ። ፓምፕ ልክ የለውም፤ ነዳጅ ወይም መብራት እስካለ ይስባል። የውኃው ወለል ወረደ፣ ብዙ ቃናቶችም ደረቁ። ፓምፑ መጥፎ መሣሪያ ስለሆነ አይደለም። ቃናቱ በራሱ ውስጥ ይዞት የነበረውን ገደብ ማንም ለፓምፑ አላወጣለትም። ዛሬ ቆጣሪ፣ የውኃ ወለል መለኪያ፣ ሳተላይት ሁሉ አለን። ገደቡን ለማስመለስ ይበቃሉ። የጎደለው እንደ ጥንቱ ቁጭ ብሎ ድርሻ የሚወስን ጉባኤ ነው።

ፔሩ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ወደ መልካም ሄዷል። ከሊማ በላይ ባሉት የአንዲስ ተራሮች «አሙና» የሚባሉ ቦዮች አሉ፤ ከኢንካዎች በፊት የነበሩ። በዝናብ ወራት የሚፈሰውን ውኃ ጠልፈው ድንጋያማና ስንጥቅጥቅ ወዳለ ተዳፋት ያሰርጉታል። ውኃው መሬት ውስጥ ቀስ እያለ ተጉዞ በደረቁ ወራት ከታች ባሉ ምንጮች ይወጣል። በሁዋማንታንጋ መንደር ተመራማሪዎች ቀለም ጨምረው፣ ፍሰቱን በመሣሪያ እየተከታተሉ ለኩት። በ2019 ባሳተሙት ውጤት ውኃው መሬት ውስጥ የሚቆየው በአማካይ 45 ቀን ነው፤ ከሁለት ሳምንት እስከ ስምንት ወር ይደርሳል። ገበሬዎቹ የትኛው ቦይ የትኛውን ምንጭ እንደሚመግብ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ቁጥሩ ግን ለከተማዋ ዕቅድ አውጪዎች አስፈላጊ ነበር። ሊማ በረሃ ላይ የተቀመጠች ግዙፍ ከተማ ናት። የውኃ ድርጅቷም ከደንበኞቹ ክፍያ ጥቂቱን ለእንዲህ ዓይነት የተፋሰስ ሥራ መመደብ ጀምሯል።

ሰሜን አውስትራሊያ፣ ምዕራብ አርነም ላንድ ላይ ጉዳዩ እሳት ነው። ባለ መሬቶቹ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሣሩ ገና እርጥበት ሳለ፣ በደረቁ ወቅት መጀመሪያ፣ በትንሽ በትንሹ ያቃጥሉ ነበር። እሳቱ ማታ በጤዛ ይጠፋል። የተቃጠለው ቦታ በኋላ የሚመጣውን ትልቅ እሳት ያቆማል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎቹ አምባውን ለቀው ሲወጡ ይህ ቀረ። በየዓመቱ መጨረሻ ላይ ሰደድ እሳት ደኑን ይበላው ጀመር። በ2006 የተጀመረው ፕሮጀክት ሽማግሌዎችን፣ ወጣት የአካባቢ ጠባቂዎችንና ሳይንቲስቶችን አገናኘ። የት እንደሚለኮስ የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሄሊኮፕተሩ ሩቁን ገደል ያደርሳል። ሳተላይቱ የትኛው እንደተቃጠለ ያሳያል። አንድ የጋዝ ኩባንያ በዓመት 100,000 ቶን የካርቦን ልቀት እንዲቀነስለት ለዚህ ሥራ ለመክፈል ተዋዋለ። ገንዘቡ ወደ ጠባቂዎቹ ደሞዝ ሄደ። ሰዎችም ወደ መሬታቸው ተመለሱ። እኔ ከዚህ የምወደው ሥራው ተከፋይ መሆኑን ነው።

ወደ መጨረሻው ነጥቤ የሚወስደኝም ይኸው ክፍያ ነው። በብዙ ፕሮጀክቶች አርክቴክቱ ይከፈለዋል። የድሮን ኦፕሬተሩ ይከፈለዋል። መሬቱን ከዘር ዘር የሚያውቁት ሴት ግን «መረጃ ሰጪ» ተብለው በጀቱ ውስጥ አይገቡም። ከዚያ የእሳቸው ዕውቀት ካርታ ይሆናል። ካርታው ፋይል ይሆናል። ፋይሉ ራቅ ባለ ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል። ቅዱስ ቦታ፣ የተደበቀ ምንጭ፣ የመድኃኒት ተክል ያለበት ሁሉ በአንድ ጠቅታ ለማንም ይታያል። ይህ ጉዳት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ነው።

በ2019 «ኬር» የተባሉ መርሆች ወጥተዋል። የነባር ሕዝቦችን መረጃ በተመለከተ ጥቅሙ የጋራ እንዲሆን፣ የመቆጣጠር ሥልጣኑም የባለቤቶቹ እንዲሆን ይጠይቃሉ። በግንቦት 2024 ደግሞ የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል አገሮች አንድ ስምምነት ተቀብለዋል። ከዘረመል ሀብትና ከእሱ ጋር ከተያያዘ ባህላዊ ዕውቀት ለሚወጣ ፈጠራ ፓተንት፣ ማለትም የባለቤትነት መብት፣ የሚጠይቅ ሰው ምንጩን እንዲገልጽ ያስገድዳል። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የንፋስ ማማን፣ የውኃ ቦይን፣ የእሳት ቀን መቁጠሪያን አይሸፍንም። እኛ የምንሠራበት መስክ በአብዛኛው ከሽፋኑ ውጭ ነው።

ስለዚህ በምትፈርሙት የሚቀጥለው የዲዛይን ውል ላይ ሦስት መስመር እንድትጨምሩ እጠይቃችኋለሁ። ዕውቀቱን ለሰጡት ሰዎች በባለሙያ ተመን ይከፈል። የሴንሰሩና የካርታው መረጃ በመጀመሪያ በእጃቸው ይቀመጥ፤ ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር እነሱ ይወስኑ። ከርክክብ በኋላ ማን እንደሚጠግን፣ በምን ገንዘብ እንደሚጠግን በስም ይጻፍ። አሠሪው «ይህ ምን ያደርጋል?» ካለ የካሽሚርን አናጢዎችና የባሊን ቤተ መቅደሶች ንገሩት። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ጊዜ አለን።